የቢሮ ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ኤችፒ ይሻላል ወይስ ካኖን?» ቢሮ የሚያደራጅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። መላሽ ደግሞ አይጠፋም። አንዱ ከኤችፒ ውጪ አልገዛም ይላል፣ ሌላው በኪዮሴራ ይምላል። እኔ ግን የሚያከስረን ጥያቄው ራሱ ነው ባይ ነኝ። በስሙ ተወዶ የተገዛ ማሽን በሁለተኛው ዓመት ጥግ ይዞ አቧራ ሲጠጣ በየቢሮው ይታያል። ለአንድ አነስተኛ ድርጅት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ስም ከስም ማወዳደር

ኤችፒ የመጀመሪያውን ሌዘርጄት በፈረንጆቹ 1984 ሲያወጣ የውስጡ ማተሚያ ክፍል የካኖን ሥራ ነበር። ይህ አብሮ መሥራት ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል። በየቢሮው ሞልቶ የነበረውን ኤችፒ ፒ1102 እና ካኖን ኤልቢፒ6000ን ይዩ። የአንዱ ቶነር (የዱቄት ቀለሙ መያዣ) 85ኤ፣ የሌላው 725 ይባላል እንጂ ሥሪታቸው አንድ ነው። ኦርጅናል ባልሆኑት ቶነሮች ካርቶን ላይ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ተጽፈው ያገኛሉ። በሌላ በኩል ኤችፒ በ2017 የሳምሰንግን የፕሪንተር ሥራ ጠቅልሎ ገዝቷል። እንደ ሌዘር 107ኤ ያሉት ትንንሾቹ ማሽኖቹ የሳምሰንግ ዘር ናቸው። ስለዚህ «ኤችፒ» ብቻ ማለት ምንም አይነግረንም። የሚወዳደረው ሞዴሉ ነው።

ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ትንሹን መምረጥ

ፕሮፎርማው ላይ የማሽኑ ዋጋ አለ፤ የቶነሩ የለም። ማሽኑን የሚገዙት አንዴ ነው። ቀለሙን ግን ማሽኑ እስኪያርፍ ድረስ ይገዛሉ።

በወር 2,000 ገጽ የሚያትም ቢሮ እንውሰድ። በዓመት 24,000 ገጽ ማለት ነው። የኤችፒ ሌዘር 107ኤ ቶነር 1,000 ገጽ ያትማል፤ ለዓመት 24 ቶነር ይፈልጋል። የፒ1102ቱ 85ኤ 1,600 ገጽ ነው፤ 15 ቶነር። የኪዮሴራ ኢኮሲስ ኤም2040ዲኤን የሚጠቀመው ቲኬ-1170 ደግሞ 7,200 ገጽ ስለሚያትም በአራት ቶነር ዓመቱ ያልቃል። የኤችፒ ኤም404 ትልቁ ቶነር፣ 59ኤክስ፣ 10,000 ገጽ ነው። ሦስት እንኳ ሙሉ አይፈጅም። ልብ ይበሉ፦ 24 ቶነር የሚበላውም፣ በሦስት የሚያድረውም ያው ኤችፒ ነው።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። የቶነሩን ዋጋ ለሚያትመው ገጽ ያካፍሉ። የአንድ ገጽ ዋጋ ይወጣል። በሦስት ዓመት ያትማሉ ብለው በሚገምቱት ገጽ ያባዙት፣ የማሽኑን ዋጋ ይደምሩበት። ብዙ ጊዜ በፕሮፎርማው ውድ የነበረው ማሽን እዚህ ላይ ርካሽ ሆኖ ይወጣል።

ሦስት ነገሮችን ግን አብረው ያስቡ። ካርቶኑ ላይ ያለው የገጽ ብዛት የሚሠራው ከወረቀቱ 5 በመቶ ገደማው ብቻ ቀለም ሲነካው ነው፤ ተራ ደብዳቤ ያህል። የመታወቂያና የፓስፖርት ኮፒ የሚበዛበት ቢሮ ያንን ቁጥር አያገኝም። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ቶነርም ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም፤ የኤም2040ዲኤኑ 3,600 ገጽ፣ ማለትም የሙሉው ግማሽ ነው። በ85ኤ ውስጥ ደግሞ ድራሙ፣ ማለትም ምስሉን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ጥቅል፣ ከቶነሩ ጋር አብሮ ይቀየራል። በኪዮሴራው ለብቻው ሆኖ 100,000 ገጽ ያህል እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። ዋጋ ሲያነጻጽሩ ይህም ይቆጠራል።

አንድ ማስታወሻ ልጨምር። ዕቃው ሁሉ የሚገባው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ባለፈው ዓመት የተሠራ ሂሳብ ለዘንድሮ አይሆንም። በዛሬ ዋጋ እንደ አዲስ ይሥሩት።

ትልቁን ቁጥር ማመን

የኤም404ዲኤን መግለጫ ላይ «በወር እስከ 80,000 ገጽ» የሚል ያያሉ። ይህ ማሽኑ ቢጨንቀው የሚችለው ጣሪያ ነው። ኤችፒ ራሱ በወር እንዲታተም የሚመክረው ከ750 እስከ 4,000 ገጽ ነው። ሻጮች የሚጠቅሱት የመጀመሪያውን ነው፤ እርስዎ ሁለተኛውን ይጠይቁ። በደቂቃ 30 ገጽ ነው ወይስ 38 የሚለው ክርክር ለአብዛኛው ቢሮ ትርጉም የለውም።

ያገለገለ ኮፒ ማሽን በውጭ መልኩ መግዛት

ትልልቆቹ፣ የካኖን ኢሜጅራነርም ሆነ ሪኮ፣ አዲሱ ስለማይቀመስ ብዙ ሰው ያገለገለ ይገዛል። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ክፋቱ ታጥቦ ተወልውሎ ሲያበራ አይቶ መክፈል ነው።

መጀመሪያ የፊቱን በር ይክፈቱና የቶነሩን ኮድ ያንብቡ። ካኖን ለአውሮፓ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአፍሪካ ሲ-ኢኤክስቪ፣ ለሰሜን አሜሪካ ጂፒአር፣ ለእስያ ኤንፒጂ ብሎ ይለያል። ኪዮሴራም እንዲሁ ነው፤ የእኛው ቲኬ-1170 በአሜሪካ ቲኬ-1172 ይሆናል። ከሌላ አህጉር የመጣ ማሽን እዚህ የሚሸጠውን ቶነር አልቀበልም ሊል ይችላል። ከጀርባው የተለጠፈውንም ይዩ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ ለእኛ 220 አልተሠራም።

ቀጥሎ ቆጣሪውን ያስነብቡ። በብዙ ኢሜጅራነሮች ላይ «123» የሚል ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት እስካሁን ያተመው ገጽ ይወጣል። ከዚያ አንድ ደስጣ ወረቀት ይዘው ይሂዱና 50 ገጽ ያህል ከላይ ባለው ወረቀት ሳቢ (ፊደር) አሳልፈው በሁለቱም ገጽ ኮፒ ያድርጉ። ወረቀት የሚይዝ ከሆነ እዚያው ያሳይዎታል። የወጣውን በአውራ ጣት ጠበቅ አድርገው ይሹት። ቀለሙ ከለቀቀ ፊውዘሩ፣ ማለትም ቀለሙን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል፣ ደክሟል። ኮፒው ላይ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ካለ ዋናውን ወረቀት መስታወቱ ላይ አስተኝተው እንደገና ኮፒ ያድርጉ። መስመሩ ከጠፋ ጎን ያለችው ቀጭን መስታወት ቆሽሻ ነው፤ በጨርቅ ይጸዳል። ካልጠፋ ግን ድራሙን ይጠርጥሩ፤ እሱ ገንዘብ ነው።

ሁሉን ቀለም ይሞላል ብሎ ማሰብ

ቀለም አስሞልቶ መጠቀም የብዙ ቢሮ ኑሮ ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ማሽኑ መፍቀዱን አስቀድመው ያረጋግጡ። የኤችፒ ሞዴሎች ስማቸው በእንግሊዝኛው «ኢ» (e) የሚያልቅ ከሆነ ሁልጊዜ ኢንተርኔትና የኤችፒ ኦርጅናል ቀለም ብቻ የሚሹ አሉ። ኢንተርኔቱ በሚቆራረጥበት ቢሮ እንዲህ ያለውን አልመክርም።

መብራቱን መርሳት

ሌዘር ፕሪንተር ፊውዘሩን ሲያሞቅ በአንዴ ብዙ ኃይል ይስባል። የኮምፒውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ) ላይ ከሰኩት ፕሪንተሩንም ዩፒኤሱንም ሊጎዱ ይችላሉ። አቅም ያለው ስታብላይዘር ይግዙለት። ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ኢንክጄት ደግሞ ሌላ ችግር አለው። እያተመ መብራት ከሄደ ቀለም የሚረጨው ጭንቅላቱ ክዳኑ ውስጥ ሳይገባ ይቆምና ቀለሙ ይደርቅበታል። በሳምንት አንዴ ብቻ የሚያትም ቢሮም ለኢንክጄት አይሆንም፤ ሲቀመጥ ይደፈናል።

ለማይሠሩበት ነገር መክፈል

በወር አሥር ኤ3 ወረቀት ለማተም የኤ3 ማሽን አይገዛም። ኮፒ ቤት ይላኩት። ባለ ቀለሙም እንደዚያው ነው።

ጠጋኙን ሳይጠይቁ መክፈል

ይህ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጋራንቲ አለው ማለት ብቻ አይበቃም። ሲበላሽ ማን ይመጣል? በስንት ቀን? መለዋወጫው እዚህ አለ ወይስ ይታዘዛል? እስኪጠገን ምትክ ማሽን ይሰጣሉ? ቢሮዎ ደሴ ወይም ጎንደር ከሆነ ባለሙያው እዚያው ይኑር አይኑር ይጠይቁ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ መጓጓዣና አበሉን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። በመጨረሻ ገንዘቡን ከማስተላለፍዎ በፊት ሻጩን ትተው ሁለት ሌሎች ሱቆች ጋ ይደውሉ። የዚያን ማሽን ቶነር ቁጥር ይንገሯቸው። ሁለቱም «የለንም» ካሉ ያንን ሞዴል ይተዉት፣ የፈለገውን ያህል ቢወደስ።