የልጆችን የኤች አይ ቪ ካርድ ስታገላብጡ

ጎንደር ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ካርድ ክፍሉ በተማሪ ይሞላል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ልጆችና ተጓዳኝ በሽታዎች የሚለው ርዕስ ሁሌም አይጠፋም። ርዕሱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። የሚደጋገሙት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ባዶውን «የለም» ብሎ መሙላት። ሳል የሚለው ቦታ ባዶ ስለሆነ ልጁ አልሳለም ማለት አይደለም። ማንም አልጠየቀው ይሆናል። ባዶው እንደ ባዶ ይመዝገብ።

ቲቢን በላብራቶሪ ብቻ መቁጠር። ትንንሽ ልጆች አክታ አይተፉም፣ ይውጡታል። ስለዚህ ውጤቱ ነጌቲቭ ሆኖም ሐኪሙ ምልክቱን፣ ራጁንና ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው መኖሩን አይቶ መድኃኒት ያስጀምራል። እነዚህን ልጆች ከተዋችሁ የቲቢው ቁጥር ከእውነቱ ያንሳል።

ሲዲ4ን፣ ማለትም በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ያሉትን በሽታ ተከላካይ ሴሎች ቁጥር፣ እንደ አዋቂ ማንበብ። 500 ለአዋቂ ብዙም አያስደነግጥም። ለአንድ ዓመት ሕፃን ግን በጣም ዝቅተኛ ነው። ከ5 ዓመት በታች በመቶኛው፣ ማለትም ሲዲ4 ከሊምፎሳይት ሴሎች ውስጥ ባለው ድርሻ ብትሠሩ ይሻላል።

ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ ማለፍ። ይሄኛው ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ካርዱ በእኛ አቆጣጠር፣ የላብራቶሪው ወረቀት በፈረንጅ ነው። ታኅሣሥ 21 ቀን 2008 ዲሴምበር 31 ቀን 2015 ነው፤ ማግስቱ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 2016። በአንድ ሌሊት የሚደመረው ከ7 ወደ 8 ይዘላል። ኅዳር 2008 መድኃኒት የጀመረን ልጅ ኖቬምበር 2016 ብላችሁ ካስገባችሁት፣ ማርች 2016 ላይ የተገኘበት ቲቢ ከመድኃኒቱ በፊት የመጣ ይመስላል። ከዚያ ሶፍትዌሩ ምን ያድርግ?

ለክትትል መምጣት ያቆመን ልጅ ደህና እንደሆነ መቁጠር። ካርዱ የቆመው ልጁ ደባርቅ ወይም መተማ ተዛውሮ፣ ወይም ሞቶ ሊሆን ይችላል። ተዛወረ፣ ጠፋ፣ ሞተ የሚሉትን ለይታችሁ ጻፉ።

ልጁ ፊት መጠየቅ። ቃለ መጠይቅ ካላችሁ ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። የ9 ዓመት ልጅ በየቀኑ የሚውጠው ክኒን ለምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ «ለሳንባህ ነው» ተብሎ ይሆናል። እናንተ መጠይቁን ዘርግታችሁ «ኤች አይ ቪ መቼ ታወቀ?» ስትሉ ቤተሰቡ ለዓመታት ያቆየውን ነገር በአንድ ጥያቄ ታፈርሱታላችሁ። የሥነ ምግባር ፈቃድ ወረቀት ይሄን አይከላከልላችሁም። አያቱ ይዘውት ከመጡ፣ «እማማ፣ አንዴ ለብቻችን እናውራ» በሏቸው። ልጁ ያውቅ እንደሆነ መጀመሪያ ከሳቸው ስሙ። ካላወቀ ከሱ ጋር ስለ ትምህርቱና ስለ ምግቡ አውሩ፤ ሌላውን አያቱ ይመልሱላችኋል።