የሳሎን መብራት ማዛወር፣ ጂፕሰሙን ሳይጎዱ

እናቴ ምስር የምትለቅመው ሳሎናችን ውስጥ በመስኮቱ በኩል ባለው ጥግ ነው። መብራቱ መሀል ኮርኒሱ ላይ ስለተሰቀለ፣ ሲመሽ ብርሃኑ ከጀርባዋ እየመጣ የራሷ ጥላ ሰፌዱ ላይ ያርፍባታል። ጠጠሩን በጣቷ እየዳበሰች ስትፈልግ አየኋትና መብራቱን 1 ሜትር ከ30 ወደ እሷ አመጣሁላት። ጂፕሰሙ ላይ የከፈትኩት አዲስ ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም መብራቱ ሸፍኖታል።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ቦታውን በማታ ፈትኑት። እናቴን በርጩማዋ ላይ አስቀምጬ፣ መሰላል ላይ ሆኜ የስልኬን መብራት ኮርኒሱ ሥር ወዲህ ወዲያ አልኩት። ጥላው የጠፋው ብርሃኑ በቀጥታ ከአናቷ በላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ፊቷ ሲሆን ነው። እዚያ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ማግኔት ይዛችሁ ምልክቱ ዙሪያ አንሸራቱ። የሚይዘው ብሎኖቹ ላይ ነው፤ ብሎኖቹ የተሰለፉበት መስመር ደግሞ ጂፕሰሙ የታሰረበት ብረት ነው። ምልክታችሁ ብረት ላይ ካረፈ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ አድርጉት።

አሁን ብሬከሩን አውርዱ። መብራት ሲሄድ «አሁን ነው መሥራት» የሚል ሰው አለ፤ እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። መብራት መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ሲመጣም 220 ቮልት ሆኖ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ማጥፋትም አይበቃም። አንዳንድ ቤት ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (የሚመልሰውን) ስለሆነ፣ አምፖሉ ጠፍቶ እንኳ ሽቦው ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። ቴስተራችሁን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ባለበት ሌላ ሶኬት ላይ አረጋግጡ፣ ቀጥሎ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። የሽቦ ቀለም አትመኑ። ሽቦው አርጅቶ ልባሱ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ወይም እርግጠኛ ካልሆናችሁ፣ ቀዳዳውን ራሳችሁ ሥሩና ማገናኘቱን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተዉለት።

የድሮውን መብራት አውርዳችሁ ስልካችሁን በቀዳዳው በጎኑ አስገቡና ከላይ ያለውን በቪዲዮ ቅረጹ፤ እንዳይወድቅባችሁ በክር እጃችሁ ላይ እሰሩት። እኔ ጂፕሰሙን ከሶሌታው (ከላይ ካለው ኮንክሪት) ያንጠለጠሉትን ሽቦዎች ያየሁት በዚህ ነው፤ ኬብሉን በየት በኩል እንደማሳልፍም ያኔ ገባኝ።

ጂፕሰም የሚፈርሰው በችኮላ ነው። ክቡን በእርሳስ ሣሉ፣ ጂፕሰሙ የተለበጠበትን ወረቀት ዙሪያውን በስለት ቁረጡ፣ ከዚያ በቀጭን መጋዝ በዝግታ ግቡ። ወረቀቱ ቀድሞ ስለተቆረጠ ጠርዙ አይላጥም፣ ስቱኮም አያስፈልገውም። ቀዳዳው ከመብራቱ መሸፈኛ በሁሉም በኩል ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይነስ።

በአዲሱ ቀዳዳ ጠንካራ ሽቦ ጫፉን አጥፋችሁ ወደ አሮጌው ግፉ። ሲደርስ ባለ 1.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር) ኬብሉን አስራችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ከያዘ አትጎትቱት፤ መልሳችሁ ሌላ አቅጣጫ ሞክሩ። የኔ ሁለት ጊዜ ያዘኝ፣ በሦስተኛው አለፈ።

መብራቱ ከበድ ያለ ከሆነ ጂፕሰም አይሸከመውም። በቀዳዳው በኩል ሶሌታውን በስታችሁ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ክተቱና መንጠቆ እሰሩበት፣ ክብደቱ በሙሉ እዚያ ላይ ይሁን። ከላይ በቱቦ የተቀበረ ሽቦ ስላለ ከድሮው የመብራት ነጥብ ወደ ማጥፊያው በሚሄደው አቅጣጫ አትብሱ።

የቀረው አሮጌው ቀዳዳ ነው። ብዙ ሰው የድሮው ሽቦና አዲሱ ኬብል የሚገናኙበትን መገጣጠሚያ በፕላስተር ጠቅልሎ ከላይ ይተወውና ቀዳዳውን በስቱኮ ይደፍነዋል፤ ይህ አደገኛ ነው። መገጣጠሚያው ላልቶ ቢሞቅ ማንም አያየውም። እኔ በብሎን የሚጠብቅ ማያያዣ ተጠቅሜ ስካቶላ (የሽቦ መገጣጠሚያ ሳጥን) ውስጥ ከደንኩት፣ ቀዳዳው ላይ ደግሞ ባለ ስፕሪንግ ትንሽ የኤልኢዲ ስፖት ገጠምኩ። ስፖቷን ወደ ታች ሳብ ሲያደርጓት ስካቶላው እጅ ላይ ይመጣል።