ብየዳ መማር ለምትፈልጉ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ሆኖ እንዴት እንደሚጀመር

ወርክሾፔ በር ላይ ቆመው የሚጠይቁኝ እናቶችና አባቶች አብዛኞቹ አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው። «ልጁን ብየዳ ላስተምረው ነበር፣ የት ልውሰደው?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «እዚያ በሳምንት ስንት ኤሌክትሮድ ያስነድዱታል?» ግራ ይገባቸዋል። ኤሌክትሮድ ማለት እየቀለጠ ብረትን ከብረት የሚያያይዘው የብየዳ ዘንግ ነው። ብየዳ ግን የእጅ ሙያ ነው። እጅ የሚፈታው ኤሌክትሮድ ሲነድ እንጂ ደብተር ሲሞላ አይደለም።

1. ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ቀን ዋሉበት

አንድ የብረታ ብረት ቤት ገብታችሁ «ልዋልና ልየው» በሉ። በኛ አገር «አብሽር፣ ግባ» የሚል አይጠፋም። ግን ቆማችሁ አትዩ። ላሜራ ያዙ፣ ጥረጉ፣ የግራይንደሩን (የብረት መሞረጃና መቁረጫ ማሽኑን) ጩኸት ጆሯችሁ ይስማው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ መዋል ምን እንደሆነ ወገባችሁ ይነግራችኋል። ጠልታችሁት ከተመለሳችሁ የጠፋው ሦስት ቀን ብቻ ነው።

«ለሴት ይከብዳል» የሚላችሁን ደግሞ አትስሙ። ቀጭን ላሜራ ሳይበሱ ለመበየድ የሚያስፈልገው የረጋ እጅ ነው፣ ጡንቻ አይደለም።

2. ቦታ ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ

ደሴ ላይ ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ዳገት እየወረዱ እየወጡ መመላለስ ይቻላል። መደበኛው የቴክኒክና ሙያ ስልጠና በደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል። የዓመቱን የሙያ ዝርዝርና መግቢያ ነጥብ ከሬጅስትራር ጠይቁ፤ ስለሚቀያየር ካቻምና የተመዘገበ ጎረቤት የነገራችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የሚሰጠው ምህንድስናን የመሰለ የዲግሪ ትምህርት ነው። አንዳንድ ወላጅ ሁለቱን ያምታታቸዋል።

ስትሄዱ ሕንፃውን አትዩ። ወርክሾፑን ክፈቱልን በሉና ጠይቁ። የሚሠራው የብየዳ ማሽን ስንት ነው? ለአንድ ማሽን ስንት ሰልጣኝ ይደርሳል? ኤሌክትሮዱንና ብረቱን የሚያቀርበው ማን ነው?

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የቦታውን ስም አልጠራም። እኔ የተማርኩበት ቤት ማሽን ነበረው፤ የሚሠራው ግን አንድ ነበር። እኛ ሃያ ምናምን ነበርን። የብየዳ ማስክ (የፊት መከላከያ) ይዤ ወረፋ ቆሜ ተመረቅሁ ማለት ይቀላል። ሙያውን የሰጠኝ ማታ ማታ አንድ ጎረቤታችን ወርክሾፕ በነፃ ማገልገሌ ነው።

3. ለዓይንና ለሳንባ ቀድማችሁ አስቡ

ማስክ ጥቁር መስታወቱ ቁጥር 10 ወይም 11 ይሁን። የቆዳ ጓንት፣ ጫፉ የተዘጋ ጫማ፣ የጥጥ ልብስ። ናይለን ልብስ ብልጭታ ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ለግራይንደር ደግሞ ነጭ መነፅር።

ያለ ማስክ ሲበየድ የሚያይ ሰው ያን ጊዜ ምንም አይሰማውም። ጉዱ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው። ሌሊት ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስለዋል፣ እንባው አይቆምም። ድንች ቆርጦ ለመለጠፍ የሚሮጥ አይጠፋም። እናንተ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እረፉ፤ ካልተሻለ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጋልቫናይዝድ ቧንቧ (እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ) ስትበይዱ ነጭ ጭስ ይወጣል። ዚንክ ነው። ዝግ ክፍል ውስጥ የሳበው ሰው ማታ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፤ ወባ ይዞኛል ብሎ የተኛ በያጅ አውቃለሁ። ልባሱን በግራይንደር አስወግዳችሁ፣ ደጅ ወጥታችሁ ሥሩ። ወተት ጠጡ የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ወተቱ የሚወርደው ሆድ ነው፣ ጭሱ የገባው ሳንባ።

ቤንዚን ወይም ዘይት የነበረበትን በርሜል ግን «ባዶ ነው» ቢሏችሁም እሳት አታስጠጉበት። ውስጡ የቀረው ጋዝ ይፈነዳል።

4. የመጀመሪያው ወር፦ በር አትሥሩ

ሁሉም በመጀመሪያው ሳምንት በር መሥራት ያምረዋል። ተዉት። ቁርጥራጭ ላሜራ ፈልጉና ቀጥ ያለ መስመር መበየድ ተለማመዱ፣ አንዱን ከአንዱ ጎን።

አብዛኛው ቤት የሚጠቀመው 6013 የሚባለውን ኤሌክትሮድ ነው። ለ2.5 ሚሊ ሜትሩ ማሽኑን ከ70 እስከ 90 አምፔር፣ ለ3.2ቱ ከ100 እስከ 130 አድርጉና ቁርጥራጭ ላይ ሞክሩ። ጫፉ ከብረቱ የሚርቀው የኤሌክትሮዱን ሽቦ ውፍረት ያህል ብቻ ነው። መጀመሪያ እየተጣበቀ ያስቸግራችኋል። ወደ ላይ አትጎትቱት፤ ወደ ጎን ጠምዘዝ አድርጉት። እምቢ ካለ ከመያዣው አላቁት።

ከዓይናችሁ ይልቅ ጆሯችሁን እመኑ። ሽንኩርት ሲቁላላ እንደሚጮኸው ዘይት ሳያቋርጥ ከጮኸ ደህና ነው። ሽንብራ ሲቆላ እንደሚፈነዳው እየቆራረጠ ጠስ ጠስ ካለና ፍንጣሪው ከበዛ ከብረቱ ርቃችኋል።

ደሴ ክረምት ላይ ጉም ይወርድበታል፤ ከተማው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ፓኬቱ ተከፍቶ ካደረ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ይጠጣና ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። በደንብ በሚዘጋ ደረቅ ዕቃ አስቀምጡት።

ራሳችሁን የምትፈትኑት እንዲህ ነው። ሁለት ቁራጭ ላሜራ አንዱን በአንዱ ላይ አቁማችሁ በአንድ ወገን ብቻ በይዱ። ሲቀዘቅዝ ወደተበየደው ወገን በመዶሻ ምቱትና ስበሩት። ስብራቱ ውስጥ ጥቁር ቅርፊት ወይም ቀዳዳ ካያችሁ ላይ ላዩን አስውባችኋል እንጂ አልበየዳችሁም። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ስሰብር ነው የኖርኩት።

5. ሙያው ልኬት ላይ ነው

መጀመሪያ የሠራሁት በር 90 በ210 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ ከቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ ከሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)። አራቱን ጥግ አንድ በአንድ ጨርሼ በየድኩ። ደስ ብሎኝ አነሳሁት። አንዱ ማዕዘን እንደ አህያ ጆሮ ወደ ላይ ቀርቷል። ባለቤቱ ዝም ብሎ አየኝ፣ እኔም ዝም ብዬ አየሁት።

ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ብየዳው ይጎትታል። ስለዚህ መጀመሪያ አራቱን ጥግ በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) ይዛችሁ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ ብቻ አያይዙ። ከዚያ ሜትሩን ከጥግ ጥግ በሰያፍ ዘርጉ። 90 በ210 ከሆነ ሁለቱም ሰያፍ 228.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። አንዱ 229 ሌላው 228 ካለ ረጅሙን ወገን መታ መታ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ መበየድ ጀምሩ፤ እሱንም እያፈራረቃችሁ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ትይዩው።

6. የትብብር ስልጠናውን አትዘናጉበት

ኮሌጁ ወደ ድርጅት ሲልካችሁ ኮምቦልቻን አስቡ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ነው፤ ከሱ ውጭም ፋብሪካ አለ። ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ክፍሉን ጠጋ በሉ፤ የተሰበረ ዘንግ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ በንድፍ ሥዕል የሚመጣ ሥራ ታያላችሁ። ሥዕል ማንበብን ትንሹ ወርክሾፕ አያስተምራችሁም። ከደንበኛ ጋር መደራደርን ደግሞ ፋብሪካው አያስተምራችሁም። ብትችሉ ሁለቱንም ቅመሱ።

7. ሲኦሲ (የብቃት ምዘና)

የብቃት ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ፈተና አለው። ኮሌጅ ሳይገባ በልምድ የተማረም መመዘን ይችላል። በተግባሩ ቀን ሰው የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ነው፦ ጓንት ሳያጠልቅ ይጀምራል፣ ሳይለካ ይቆርጣል። መዛኙ የሚያየው የመጨረሻውን ብየዳ ብቻ አይደለም።

8. የመጀመሪያው የራስ ሥራ

ብቻችሁን ስትጀምሩ የብየዳ ማሽን፣ ግራይንደር፣ ድሪል (መብሻ)፣ ሞርሳ (ብረት ጨምድዶ መያዣ)፣ ስኳድራና ሜትር ይበቃል። የብረቱን ዋጋ ቀብድ ሳትቀበሉ ቱቦላሬ አትግዙ፤ ዋጋው ሰኞና ሐሙስ አንድ አይደለም። የተስማማችሁበትን ልክና የቀለሙን ዓይነት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስፈርሙ።

ልክ በስልክ ሲነግሯችሁ ደግሞ አትቀበሉ። ሄዳችሁ ራሳችሁ ለኩ። የበሩን ክፍት ቦታ ላይ፣ መሐል፣ ታች ለኩት፤ የደሴ አሮጌ ቤት ተዳፋት ላይ ተቀምጦ ሦስቱም ቦታ የተለያየ ልክ ይሰጣችኋል። ትንሹን ያዙ፣ ከሱም ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ቀንሱ።