ካምፐር ቫን ላይ ባትሪና ሶላር እንዴት ይዘረጋል?

ኮሎራዶ ከገባሁ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ከከተማ መውጣት ለምዶብኛል። ሆቴል ደግሞ ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ያረጀ የዕቃ ማመላለሻ ቫን ገዛሁና አልጋና ትንሽ ፍሪጅ አስገባሁበት። በአሜሪካ ምዕራብ የፌደራል መንግሥት መሬት ሰፊ ነው፤ ብዙው ቦታ ላይ እስከ 14 ቀን በነፃ ማደር ይቻላል። በነፃ ሲሉ ታዲያ ባዶ ሜዳ ማለታቸው ነው። ሶኬት የለም። መብራታችሁን እንደ ስንቅ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት ቫኑን ላቃጥለው ትንሽ ሲቀረኝ ነው። ስለዚህ ገመድ ላይ ብዙ ባወራ አትፍረዱብኝ።

1. መጀመሪያ ሒሳብ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት በቀን ስንት እንደምትጠቀሙ አስሉ። ትንሽ የ12 ቮልት ፍሪጅ ሞተሩ ሲነሳ 45 ዋት ገደማ ይወስዳል። በሞቃት ቀን ከ24 ሰዓት ግማሹን ይሠራል ብንል 540 ዋት-ሰዓት ነው። ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ አምፖልና ማራገቢያ ሲጨመሩ 800 አካባቢ ይደርሳል። ባለ 12.8 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 1280 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ያለ ፀሐይ አንድ ቀን ተኩል ማለት ነው። እኔ ሁለት አለኝ፤ ደመናው ሦስት ቀን ቢከርም አይጨንቀኝም።

በጀት የሚያናጋው ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ነው። የውሃ ማፍያ ብቻውን 1500 ዋት ይጠይቃል። ቡናውን በጋዝ አፍሉት፤ ጀበና ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ሣጥን) አይፈልግም። እንጀራውንም ቤት ጋግራችሁ ያዙ። ይህን ካደረጋችሁ 1000 ዋት ኢንቨርተር ይበቃችኋል። የ3000 ዋቱን የሚገዛ ሰው ገመዱን፣ ፊውዙንና ባትሪውን ጭምር ነው የሚያሳድገው።

2. ባትሪው

ሊቲየም አይረን ፎስፌት ግዙ። የድሮው የአሲድ ባትሪ በዋጋ ይረክሳል፤ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከያዘው ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሙበት። ክብደቱም ወገብ ይቆርጣል።

ሊቲየሙ አንድ አመል አለው። ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ቻርጅ ማድረግ ውስጡን ያበላሸዋል። መጠቀም ይቻላል፣ መሙላት ግን አይቻልም። ተራራ ላይ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ባትሪው ገና በረዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በብርድ ቻርጁን ራሱ የሚቆርጥ ዓይነት ምረጡ። የምታስቀምጡትም ከመኪናው ሥር ሳይሆን እናንተ የምትተኙበት ክፍል ውስጥ ይሁን። ወለሉ ላይ በብረትና በቺንጊያ እሰሩት፤ ፍሬን ስትይዙ ተወርውሮ መምጣት የለበትም።

3. ገመዱና ካፖኮርዳው

የተቃጠልኩት እዚህ ነው።

አገር ቤት 1000 ዋት በ220 ቮልት ሲመጣ 4.5 አምፒር ብቻ ነው። ቀጭን ገመድ ይችለዋል። ያው 1000 ዋት በ12 ቮልት ሲመጣ፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲታከልበት፣ ወደ 100 አምፒር ይጠጋል። ባትሪውና ኢንቨርተሩ 2 ሜትር ቢራራቁ መሄጃና መመለሻው 4 ሜትር ነው። 10 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ካደረጋችሁ ወደ 70 ዋት የሚሆነው ገመዱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በ35 ካሬ ወደ 20 ዋት ይወርዳል። እኔ 35 እላለሁ። ደግሞ አቀራርቧቸው።

የመጀመሪያው ገመዴ 35 የሚል ተጽፎበት ነበር። በርካሽ አገኘሁትና ደስ አለኝ። ካፖኮርዳውን፣ ማለትም ገመዱ በብሎን እንዲታሰር ጫፉ ላይ የሚገባውን ቀዳዳ ያለው ብረት፣ የጫንኩት በመዶሻ ነው። ሁለት ጊዜ ደበደብኩት፣ ጠበቀ፣ በፕላስተር ጠቀለልኩት። ሁለት ወር ያለ ችግር ሠራ።

ከዚያ ዩታ በረሃ ውስጥ አንዷ ጓደኛዬ የሩዝ ማብሰያ ይዛ መጣች። ሰካነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ የሆነ ነገር አረረ። ሩዙ መስሎን ክዳኑን ከፈትን። ሩዙ ደህና ነው። የአልጋውን ጣውላ ሳነሳ ፕላስተሩ እንደ ሻማ ቀልጦ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ካፖኮርዳውን በጣቴ ነካሁትና ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

ፊውዙስ? ፊውዙ ደህና ነበር። የሚበጠሰው አምፒር ከልኩ ሲያልፍ ነው። የሩዝ ማብሰያው የወሰደው ደግሞ ልኩን ነው። ችግሩ ያ ልክ የሆነ አምፒር ባልገጠመ ጫፍ ውስጥ መሹለኩ ነበር። እንዲህ ያለውን ፊውዝ አያይላችሁም።

ቤት ስመለስ ገመዱን ቆርጬ አንዷን ክር በቢላዋ ፋቅሁ። ከላይ መዳብ፣ ከውስጥ ነጭ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው የሸጡልኝ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ የመዳብን 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ገመድ እንደደረሳችሁ፣ ምንም ሳትገጥሙ፣ አንድ ክር ፋቁ። ነጭ ካያችሁ መልሱት።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ልባሱን የካፖኮርዳው ቱቦ በሚገባበት ልክ ብቻ እልጣለሁ። አንድም ክር እንዳይቆረጥ እጠነቀቃለሁ። ልኩ የሆነ ካፖኮርዳ አስገባና በሃይድሮሊክ መጭመቂያ እጨምቃለሁ። መጭመቂያው ውድ መስሏችሁ በመዶሻ አትሸወዱ፤ ካልሆነ ተዋሱ። ከዚያ በሙሉ ጉልበት ስቡት። ከወለቀ አሁን ይውለቅ። በቆርቆሮ መበየድ የሚመክሩ አሉ። እኔ አልስማማም፤ መኪና ይንቀጠቀጣል፣ የተበየደው ጫፍ ደግሞ ይደርቅና ብየዳው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ይሰበራል።

ሮንዴላ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ትንሽ ነገር ናት። ቅደም ተከተሉ የባትሪው ራስ፣ ካፖኮርዳ፣ ሮንዴላ፣ ከላይ ብሎን ነው። ሮንዴላዋ በባትሪውና በካፖኮርዳው መካከል ከገባች መንገዱን ታጠበዋለች፣ ያው ሙቀት ይመጣል። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። የመፍቻውንም እጀታ በፕላስተር ጠቅልሉት። አንድ መፍቻ ሁለቱን የባትሪ ራሶች ካገናኘ እጃችሁ ላይ ይበየዳል። ከመጀመሪያው የኮረኮንች ጉዞ በኋላ ሁሉንም ብሎን እንደገና አጥብቁ።

4. ፊውዝ

ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ አንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት ያለው ገመድ ምንም ጠባቂ የለውምና። ሊቲየም ሾርት ሲያደርግ በሺዎች የሚቆጠር አምፒር ስለሚተፋ ተራ የመኪና ፊውዝ አይሆንም። ክላስ ቲ የሚባለውን ግዙ። ለ1000 ዋት ኢንቨርተር 125 አምፒር ልኩ ነው። ሌሎቹ ቅርንጫፎች፣ ማለትም ፍሪጁ፣ መብራቱ፣ ማራገቢያው፣ እያንዳንዳቸው በገመዳቸው ልክ የራሳቸው ትንሽ ፊውዝ ይኑራቸው።

5. ሶላርና ዲናሞ

ሁለት የ100 ዋት ፓኔል ጣሪያ ላይ ተኝቶ በጥሩ የበጋ ቀን ከ800 እስከ 1000 ዋት-ሰዓት ይሰጠኛል። በታኅሣሥ ግማሹንም አላገኝም። ከፓኔሉ የሚመጣውን ለባትሪው የሚመጥነው መቆጣጠሪያ ኤምፒፒቲ የሚባለው፣ ከፓኔሉ የሚቻለውን ያህል ጉልበት የሚያወጣው ዓይነት ይሁን። ስትገጥሙ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን ነው። ስትፈቱ በተቃራኒው። ፓኔሎቹን በተከታታይ ካያያዛችሁ ቮልቴጃቸው ይደመራል፤ ብርድ ደግሞ ይጨምርበታል። መቆጣጠሪያው የሚችለውን ከፍተኛ ቮልት እንዳያልፍ መጠባበቂያ ተዉለት።

ከሞተሩ ለመሙላት በመሃል ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር (ከዲናሞው የሚመጣውን መጥኖ ለባትሪው የሚሰጥ ሣጥን) ያስፈልጋል። ባለ 30 አምፒሩ ሁለት ሰዓት ስትነዱ 60 አምፒር-ሰዓት ያህል ይሞላላችኋል። በቀጥታ ማገናኘት አይቻልም ወይ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይቻላል። ሊቲየሙ ግን የተሰጠውን ሁሉ ስለሚጠጣ ዲናሞው ግሎ ሊቃጠል ይችላል።

6. መለኪያ

የሊቲየም ቮልቴጅ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ከ13 እምብዛም አይነቃነቅም። ስለዚህ ቮልት አይታችሁ ስንት እንደቀረ አታውቁም። ሻንት (የሚገባና የሚወጣው አምፒር የሚለካበት ቁራጭ ብረት) ያለው መለኪያ ኔጌቲቩ ላይ ግጠሙ። ሁሉም ኔጌቲቭ በሻንቱ በኩል ይለፍ። እኔ የፍሪጁን ኔጌቲቭ በቀጥታ ባትሪው ራስ ላይ አስሬው ነበር። መለኪያው 100 በመቶ እያለኝ ፍሪጁ ጠፋ፣ ሥጋውም ተበላሸ።

7. ሙከራ

ሲያልቅ ከባድ ዕቃ ሰክታችሁ አሥር ደቂቃ አሠሩ። በቴስተር ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ እስከ ኢንቨርተሩ ፖዘቲቭ ራስ ያለውን ቮልት ለኩ፤ ኔጌቲቩንም እንደዚሁ። አንዱ ከሌላው በጣም ከበለጠ ወይም ከ0.2 ቮልት ካለፈ አንድ ጫፍ አልገጠመም፣ ፈልጉት።

ከዚያ አንድ ሌሊት የቤታችሁ ደጃፍ ላይ ቫኑ ውስጥ እደሩ። የረሳችሁት ነገር ካለ ገብታችሁ ታመጣላችሁ። እኔ የረሳሁት ትርፍ ፊውዝ ነበር። ክላስ ቲ የበረሃ ነዳጅ ማደያ ውስጥ አይሸጥም።