ኤችአይቪ በደሟ ያለባትን እህትዎን ቤት ውስጥ እንዴት ይደግፏታል?

እህትዎ ጠጋ ብላ «ተመርምሬ ፖዘቲቭ ነኝ» አለችዎት እንበል። መጀመሪያ ይህን ይያዙ፦ ማስታመም አይጠበቅብዎትም። መድኃኒቷን በጊዜ ጀምራ በአግባቡ የምትወስድ ሴት አልጋ ላይ አትውልም። ትሠራለች፣ ታገባለች፣ ጤናማ ልጅ ትወልዳለች። ከእርስዎ የሚፈለገው በአብዛኛው ክኒኑ እንዳይቋረጥ ማገዝና ምስጢሯን መጠበቅ ነው።

1. አፍዎን ይሰብስቡ
ማን ይወቅ የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። ሳትፈቅድልዎት ለእናታችሁም ቢሆን አይንገሩ። «ከየት አመጣሽው?» የሚለውንም ይተዉት። መልሱ ሕክምናውን አይቀይረውም።

2. ብርጭቆ አይለዩ
ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ እንዲሁም በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ወተት ነው። በመጨባበጥ፣ በመጸዳጃ ቤት ወይም በትንኝ አይተላለፍም። አንድ ትሪ ቀርባችሁ ተጎራረሱ፣ ምንም የለውም። ለብቻዋ የተቀመጠ ብርጭቆ ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ምስጢሯን ያወራል። መለየት ያለባቸው ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ናቸው፤ እሱ ደግሞ ለማንኛውም ቤተሰብ ነው። ደም ከፈሰሰ ጓንት አድርገው በውሃ በተበጠበጠ በረኪና ያጽዱ።

3. ክኒኑን ከቀኗ ጋር ያስማሙ
ዋናው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ዛሬ አብዛኛው አዋቂ የሚወስደው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪርን አንድ ላይ የያዘ፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን ነው። በባዶ ሆድም ሆነ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ስለዚህ ጾም ሰበብ አይሆንም። ማታ ማድረግ ነው፤ በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ።

የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ የምትወስድ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። ክኒኑ ከሽሮፑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መዋጥ አለበት፤ አለዚያ ሆዷ በደንብ አይቀበለውም። የብረትና የካልሺየም ክኒኖችም ያው ጣጣ አላቸው፤ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ከረሳችው ባስታወሰች ጊዜ ትውሰደው። የሚቀጥለው ክኒን ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ትዝለለው እንጂ ሁለት አትደርብ።

ሌላው ራስ ምታት ብልቃጡ ነው። ታክሲ ውስጥ ቦርሳዋ በተነቃነቀ ቁጥር ክኒኖቹ ይንኮሻኮሻሉ፣ እሷም ሰው ሁሉ የሰማ ይመስላታል። ንጹህ ጥጥ አናቱ ላይ ጠቅጠቅ ቢደረግ ዝም ይላል። ክኒኑን ወደ ፌስታል ከመገልበጥ ይህ ይሻላል፣ እርጥበት ያበላሸዋልና። ውስጡ ያለችውን ትንሽ ከረጢትም አትጣሏት፤ እርጥበቱን የምትመጠው እሷ ናት።

4. ጠበል ከሄደች ክኒኑም ይሂድ
«ድነሻል» ተብለው መድኃኒት ያቆሙ ብዙ ናቸው። ሲቆም ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይራባል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበልና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረዋል። ይህን ይንገሯት። ትጠመቅ፣ ክኒኗንም ትዋጥ።

5. የቫይራል ሎድ ቀጠሮ አይለፋት
ቫይራል ሎድ በደሟ ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን ነው። መድኃኒት በጀመረች በ6 ወር፣ ከዚያ በዓመቷ፣ ከዚያ በየዓመቱ ትመረመራለች። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ደርሶ እዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ለትዳር ጓደኛዋ አታስተላልፍም። ይህን የማያውቅ ሰው አሁንም ሞልቷል። ለጡት ማጥባት ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም። ካረገዘች ቶሎ ለሐኪሟ ትንገር።

6. የሚያሳስበውን ከማያሳስበው ይለዩ
በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀላል ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል። ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ግን አንዱም ይበቃል፣ ለቲቢ ትመርመር። ቲቢ ከተገኘባት የሚሰጣት ሪፋምፒሲን የዶሉቴግራቪርን ጉልበት ስለሚቀንስ የዶሉቴግራቪሩ መጠን ይጨመርላታል። የቲቢ ክፍሉ የኤችአይቪ መድኃኒት እንደምትወስድ ካላወቀ ይህን አያደርግምና ብልቃጡን ይዛ ትሂድ።