ሳይነኩ ስጋ ደዌን መመርመር አይቻልም፤ ሆስፒታል ውስጥ የማያቸው ስህተቶች

ቆዳው ላይ ነጣ ያለ ነገር ያለበትን ታካሚ ከጠረጴዛ ማዶ አይቶ የፈንገስ ቅባት መጻፍ። ከዚህ ልጀምር፤ ማየት ሰልችቶኛልና።

ጥጥ ሁሉም ክፍል ውስጥ አለ። ጫፉን ሾል አድርጉና መጀመሪያ ደህናው ቆዳ ላይ ነክታችሁ አሳዩት። ከዚያ ዓይኑን አስጨፍኑና የነካችሁትን ቦታ በጣቱ ያሳያችሁ። ደህናውን እያሳየ ነጣ ያለውን ከዘለለው ስጋ ደዌ ነው፤ መድኃኒት አስጀምሩ። ከክርን ኋላና ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያሉትን ነርቮች ዳብሱ። ወፍረዋል? ሲነኩ ያማሉ? ይህን ለማወቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም።

አንድ ወጣት ገበሬ ትዝ ይለኛል። ጀርባው ላይ ያለው «ቋቁቻ ነው» እየተባለ ቅባት ሲቀያየርለት ከርሟል። አንድም ሰው አልነካውም። እኛ ጋ ሲደርስ ትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ ታጥፈው ቀርተዋል፤ እርፍ መጨበጥ አቅቶታል። ጎበዝ፣ ቋቁቻ ነርቭ አይጎዳም! ለምጽም እንደ ወተት ይነጣል እንጂ ስሜት አያጠፋም። የስጋ ደዌው ደግሞ ደብዘዝ ይላል፣ አያሳክክም። ታካሚው ችላ የሚለውም ለዚህ ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ የደነዘዘ ቦታ ላታገኙ ትችላላችሁ፤ የጆሮ ጫፍ ካበጠና ቅንድብ ከሳሳ ጠርጥሩ።

የሚፈራው ሌላ፣ የሚሸሸው ሌላ። ጣታቸው ያጠረ አባት ሲገቡ ድርብ ጓንት ይጠለቃል፣ «አባባ፣ እዚያ ጥግ ይቀመጡ» ይባላሉ። እኚህ ሰው ድሮ ታክመው ድነዋል። የቀረው የነርቭ ጉዳት ነው። ዛሬ የመጡት ምናልባት ለደም ግፊት ይሆናል። ያልታከመ ሰውም ቢሆን በመጨባበጥ አያስተላልፍም፤ ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ መኖር ይጠይቃል፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ በሚያስልበት ክፍል መስኮት ዘግቶ የሚውል ባለሙያ ከእኚህ አባት ሲሸሽ ሳይ ይገርመኛል።

«የዘር በሽታ ነው» ማለት። ነጭ ጋውን ለብሶ ይህን የሚል አሁንም አለ። የኖርዌዩ ሐኪም ሀንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ ያገኘው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው!

በሪአክሽን ጊዜ ኪኒን ማስቆም። ታካሚው ሕክምና ጀምሮ እያለ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ነርቩ ያመዋል። «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ተብሎ ይቋረጥበታል። እውነቱ ሰውነቱ ከባክቴሪያው ጋር እየተዋጋ መሆኑ ነው። ኪኒኑ ይቀጥላል፤ ነርቭ ከተነካ እብጠት የሚቀንሰው ፕሬድኒሶሎን ይጨመራል፣ ያውም ቶሎ። ከ6 ወር ያልበለጠ የነርቭ ድክመት ሊመለስ ይችላል፤ ከቆየ ተስፋው ይመነምናል። ስለዚህ በየቀጠሮው ዓይኑን ያስጨፍኑት፣ ትንሿን ጣት ያስገፉት፣ እግሩን ወደ ላይ ያስነሱት። መላ ሰውነቱ ከተላጠ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ማቆም ልክ ነው። ሪአክሽን ሕክምናው ካለቀ በኋላም ይመጣል፤ በሽታው ተመለሰ ብላችሁ እንደ አዲስ አታስጀምሩ።

ስለ መድኃኒቱ አለማስጠንቀቅ። ሪፋምፒሲን ሽንት ያቀላል፣ ክሎፋዚሚን ቆዳ ያጠቁራል። የጠቆረው ሕክምናው ካበቃ በኋላ ቀስ እያለ ይለቃል። ይህ ያልተነገረው ሰው ኪኒኑን ቢጥል አይፈረድበትም።

የእግር ቁስል ላይ ፋሻ ቀይሮ መሸኘት። ስለማያመው ይረግጠዋል። እረፍት፣ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍና የሚስማማ ጫማ ከሌለ ፋሻው ብቻውን ምንም አያደርግም።

ሁሉንም ወደ አለርት፣ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ወዳለው በስጋ ደዌ ሕክምና ወደሚታወቀው ሆስፒታል፣ መጻፍ። ለቀዶ ሕክምናና ለከባድ ሪአክሽን አዎ። በጥጥ ለሚለይ ነገር ግን ሰውን አገር አቋርጦ አዲስ አበባ መላክ ምንድነው? «ዘነበወርቅ ሂድ» ሲባል ፊቱ የሚለዋወጠውም ብዙ ነው፤ ወጥቶ ይጠፋል።

ቤተሰቡንም አትርሱ። አብረውት የሚኖሩትን፣ በተለይ ልጆቹን፣ ይዞ እንዲመጣ ቅጠሩት። ሲመጡ ሸሚዝ አስወልቃችሁ ጀርባቸውን ጭምር እዩ።