ገዢው ቅጽ ሲልክ፦ ለጫማ አምራቾች ችግርና መፍትሄ

ለውጭ ገዢ የምትሰሩ ከሆነ፣ ወይም ለውጭ ለሚልክ ፋብሪካ የምታቀርቡ ከሆነ፣ ቅጹ አይቀርላችሁም። ሁለት ነገር ይጠይቃል። በግዳጅ የሚሰራ ሰው አለ ወይ? ምን ኬሚካል ትጠቀማላችሁ? አብዛኛው ሰው ሁሉም ላይ "የለም" ብሎ ይፈርምና ይልካል። የአውሮፓ ህብረት ግን ከዲሴምበር 2027 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በግዳጅ ሥራ የተመረተ ዕቃን ከገበያው የሚያግድ ደንብ አለው። ስለዚህ መርካቶ ሸራ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ጫማ የምትሰሩ ሰዎች፣ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ምልክቶች እዩ።

የሠራተኛው መታወቂያ አለቃው መሳቢያ ውስጥ ነው

ይሄ ብዙ ጊዜ ከክፋት አይጀምርም። ልጁ ከክፍለ ሀገር መጥቷል፤ ተያዥ የለውም። ባለቤቱ ዕቃ ይዞ ይጠፋብኛል ብሎ ይሰጋል። በተያዥ ፋንታ መታወቂያውን ያስቀምጣል። ያለ መታወቂያ ግን ልጁ የባንክ ደብተር አያወጣ፣ ሌላ ቦታ አይቀጠር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ካስቀመጣቸው 11 የግዳጅ ሥራ ጠቋሚዎች አንዱም ይሄው ነው።

ዛሬውኑ መልሱለት። ኮፒው ይበቃችኋል። ለመሣሪያው ደግሞ ርክክብ አስፈርሙ።

ወር ሲያልቅ ሠራተኛው ባለዕዳ ነው

መንስኤው ደላላው ነው። አሠሪው ኮሚሽኑን ይከፍልና ከልጁ ደሞዝ ይቆርጣል። የመጣበት ትራንስፖርት፣ ማደሪያው፣ የተበላሸው ቆዳ ሁሉ ይደመርበታል። "ዕዳዬን ሳልጨርስ መውጣት አልችልም" ካለ ነገሩ ከሥራ አልፏል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደሞዝ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ ሲሶ መብለጥ አይችልም። ግን ሲሶውም ቢሆን ለደላላ መሄድ የለበትም። ኮሚሽኑን አሠሪው ከኪሱ ይክፈል። ልጁም ዕዳ ኖረበትም አልኖረበትም መልቀቅ እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ይነገረው።

ከሰፊዎቻችሁ አቅም በላይ ጫማ ወጥቷል

የተረፈው የሆነ ቤት ውስጥ ተሰፍቷል ማለት ነው። ገዢው ቀን ሲያሳጥር የጫማው ፊት (የላይኛው ክፍል) በማዳበሪያ ተጭኖ ወደ ጓሮ ቤቶች ይሄዳል። እዚያ ማን እንደሚሰፋ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እናንተም አታውቁም። የቤቶቹን ዝርዝር ያዙ። ሳትናገሩ፣ በተለይ ማታ፣ ሂዱ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ18 በታች የሆነ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሰራም። የአዋቂ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። በዚህ ልክ የማይደርስ ትዕዛዝ ከሆነ ለገዢው በጽሑፍ ንገሩት። (ገዢው ስለ ራሱ ቀነ ገደብ የሚጠየቅበት መስመር ቅጹ ላይ የለም። ቢኖር ጥሩ ነበር።)

ጣት ይደነዝዛል፣ ራስ ያዞራል

ማስቲሹን ጠርጥሩ። ብዙ የጫማ ማስቲሽ ውስጥ ሄክሴን ወይም ቶሉይን የሚባል ማሟሚያ ኬሚካል አለ። ሄክሴን ነርቭ ይጎዳል፤ መጀመሪያ የእግርና የእጅ ጣት ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ ጉልበት ይከዳል። ችግሩ ማስቲሹ ከጄሪካን በሃይላንድ ተቀድቶ መሸጡ ነው። ስም የለው፣ ምልክት የለው። ቅጹ ላይ ምን ብላችሁ ትሞላላችሁ?

በታሸገ ቆርቆሮ ግዙ። ከአስመጪው የደህንነት መረጃ ሰነዱን ጠይቁ፤ 16 ክፍል አለው። ክፍል 3 ውስጡ ያለውን፣ ክፍል 8 መከላከያውን ይናገራል። ሁለቱን በአማርኛ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሰነድ አልሰጥም ያለ ነጋዴ ካለ ቅጹ ላይ "አልተረጋገጠም" በሉ፤ "የለም" አትበሉ።

ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል። ስለዚህ ላይ ያለች መስኮት ብቻዋን አትበቃም፤ ከወለሉ አጠገብ መውጫ ያስፈልጋል። የጨርቅ ማስክ ትነት አይከለክልም። ወተትም እንደዚያው፤ ለሆድ ጥሩ ነው እንጂ ሳንባ የገባውን አያወጣም። ጣቱ የደነዘዘውን ሰው ከማስቲሽ ሥራ አውጡና ሐኪም ይየው።

ቆዳው ላብራቶሪ ላይ ወደቀ

ምክንያቱ ክሮሚየም 6 (ጎጂው የክሮሚየም ዓይነት) ይሆናል። የአውሮፓ ገደብ በኪሎ 3 ሚሊግራም ነው። ቆዳው የሚለፋው በክሮሚየም 3 ነው፤ አለፋፉ ካልተስተካከለ፣ ወይም ቆዳው በደረቅ ሙቀትና በፀሐይ ከቆየ፣ ወደ 6 ሊለወጥ ይችላል። በቆርቆሮ ጣራ ስር አትከምሩት። ከቆዳ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ባች (በአንድ ዙር ለተለፋ ቆዳ) የምርመራ ውጤት ጠይቁ። የዓምናውን ወረቀት ካመጣላችሁ መልሱለት።